ከምሽጉ ላይ የታየች አስመራ

ከቀደምቶቹ የአስመራ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ከከፍታ ወደ ታች የተነሡ ናቸው። ፎቶ አንሺው ጣሊያኖች ምሽግ ከሠሩበት ከባልዲሴራ ኮረብታ ላይ ባለ ሦስት እግር ካሜራውን ተክሎ ሜዳውን፣ ድንኳኑን፣ ጎጆውንና መሠረቱ ገና የተጣለውን የድንጋይ ቤት በአንድ መስታወት ላይ ያስቀራል። ቦታው ለእይታ ይመቻል። ለእይታ ከመመቸቱ በፊት ግን ለመድፍ ተመርጦ ነበር። መድፉና ካሜራው ከአንድ ኮረብታ ላይ ሆነው አንዲቱን ከተማ ይመለከቱ እንደነበር ያላሰበ ሰው የቅኝ ግዛት ዘመን የአስመራ ምስሎችን ቢያገላብጥ የሚያገኘው የነገሩን ግማሽ ነው።

ዛሬ እነዚህ ምስሎች በየዓለሙ ይፈለጋሉ። ዩኔስኮ በ2017 ፖላንድ ክራኮው ውስጥ ባደረገው ጉባኤ አስመራን በዓለም ቅርስነት መዘገበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለኤርትራ የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ ይህ ነው። ለምዝገባው ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል የቆዩ ፎቶግራፎችና የሕንፃ ፕላኖች ትልቅ ቦታ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ የከተማዋን መልክ በጥቁርና ነጭ የሚያሳዩ መጻሕፍትና ኤግዚቢሽኖች በዝተዋል። ሰው በብዛት የሚያደንቀው ሕንፃውን ነው፤ ማን አነሣው፣ ለማን አነሣው፣ ምንን ከምስሉ ውጭ አስቀረ የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይነሣም።

ከተማዋ ከባዶ ሜዳ አልተነሣችም። አርባዕተ አስመራ የሚባሉት መንደሮች ከጣሊያኖች መምጣት በፊት በዚያ ደጋ ላይ ነበሩ። ራስ አሉላም በ1880ዎቹ መቀመጫቸውን እዚያው አድርገው መረብ ምላሽን ያስተዳድሩ ነበር። ጣሊያኖች በየካቲት 1885 ምጽዋን ያዙ። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ በነሐሴ 1889 የጄኔራል ባልዲሴራ ጦር አስመራ ገባ፤ በጥር 1890 ቅኝ ግዛቲቱ «ኤርትራ» ተብላ ታወጀች። የመጀመሪያው ዋና ከተማ ምጽዋ ነበረች፤ ነገር ግን ሙቀቷ አውሮፓዊውን የሚያስቀምጥ አልሆነም። በ1897 የመጣው ሲቪል አገረ ገዥ ፈርዲናንዶ ማርቲኒ መንግሥቱን ወደ ደጋ አወጣ፤ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠችው አስመራ ዋና ከተማ ሆነች። ከምጽዋ የተነሣው የባቡር ሐዲድም ገደሉን በጠመዝማዛ እየወጣ 118 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በ1911 ደረሰላት።

ካሜራው ከባቡሩ ይቀድማል። ማውሮ ሌድሩና ፍራንቼስኮ ኒኮትራ የተባሉ ፎቶ አንሺዎች የጣሊያንን ጦር ተከትለው ምጽዋ ከወረዱት ናቸው። ስሙ ይበልጥ የታወቀው ግን ሉዊጂ ናሬቲ ነው። ከሰሜን ጣሊያን ከፒዬሞንቴ የመጣው ይህ ሰው በ1880ዎቹ ምጽዋ ላይ ስቱዲዮ ከፈተ፤ ኋላም ሥራውን ወደ አስመራ አዛወረ። የናሬቲን ስም የኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ በሌላ በኩል ያውቀዋል። ዘመዱ ጃኮሞ ናሬቲ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ አናጺ ነበር፤ በመቀሌው ቤተ መንግሥት ሥራ የተሳተፈውም፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የእንጨት ዙፋን የሠራውም እሱ ነው። አንዱ ናሬቲ ለኢትዮጵያ ንጉሥ ዙፋን አነጸ፤ ሌላው ያንኑ መንግሥት ከባሕሩ በር እየገፋ የመጣውን የቅኝ ግዛት ጦር ፎቶግራፍ አነሣ።

የእነ ናሬቲ ሥራ ድካም የበዛበት ነበር። ነጋቲቩ ስስ የመስታወት ሰሌዳ ነው። ይሰበራል፣ ይከብዳል፣ አቧራና እርጥበት ያበላሸዋል። ሰሌዳውን፣ ካሜራውንና እግሩን በበቅሎ ጭኖ ከምጽዋ እስከ ደጋው መውጣት የቀናት መንገድ ነበር። ሕንፃውን ከጥግ እስከ ጥግ ጥርት አድርጎ ለማንሣት ሌንሱን ማጥበብ ያስፈልጋል፤ ሌንሱ ሲጠብ ደግሞ ብርሃኑ እስኪበቃ መጠበቅ ግድ ነው። ሕንፃ አይንቀሳቀስም፣ ተራራም እንዲሁ። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ግን ጭጋግ የመሰለ ጥላ ትቶ ይሄዳል፤ ፈጥኖ ከተራመደ ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ በጥንቶቹ ምስሎች ያለው ጭር ያለ ጎዳና ሁሉ በእርግጥ ጭር ያለ አልነበረም፤ አንዳንዱን ባዶ ያስመሰለው የመሣሪያው ዝግታ ነው።

ይህ ማብራሪያ ለ1890ዎቹና ለ1900ዎቹ ያገለግላል። ለ1930ዎቹ አያገለግልም። በዚያን ጊዜ በእጅ የሚያዙ ትናንሽ ካሜራዎች ነበሩ፤ ፊልሙም ፈጣን ነበር፤ የሚሮጥ ፈረስ እንኳ ሊቀርጹ ይችሉ ነበር። ያም ሆኖ በ1938 በተነሡ የዋናው ጎዳና ፎቶዎች ላይ ኤርትራዊ ፊት ፈልጎ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። ባርኔጣ ያደረጉ ጣሊያናውያን፣ የፊያት መኪናዎች፣ ብስክሌቶች፣ የቡና ቤት ወንበሮች በግልጽ ይታያሉ። ሮም ላይ ተዘጋጅቶ የታተመ ፖስት ካርድ የተቀበለ የሚላኖ ሰው «ልጄ ያለው አገር ቤት በመሰለ ከተማ ነው» ብሎ እንዲያምን ነበር የተፈለገው። ባዶነቱን በዚህ ጊዜ የሠራው ሰው ነው፤ ማሽን አይደለም።

የፖስት ካርዱ ንግድ የከተማዋ ምስል የተሸጠበት ዋናው መንገድ ነበር። በ1900ዎቹ መጀመሪያ አስመራ ውስጥ ይሠራ የነበረው አሌሳንድሮ ኮሚኒ በካርዶቹ ላይ ስሙንና የሥፍራውን ስም እያተመ አውጥቷል፤ የገበያ ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የወታደር ሰፈር፣ የአገረ ገዥው ቤተ መንግሥት። ካርዶቹ ሕንፃን በስሙ ይጠራሉ። ሰው ሲያሳዩ ግን ስም የለም፤ «የአገሬው ሴት»፣ «አስካሪ»፣ «የሐማሴን ሰው» ይባላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የሴቶቹ ነው። ናሬቲን ጨምሮ በዘመኑ የነበሩ ፎቶ አንሺዎች ወጣት ሴቶችን በስቱዲዮ አቁመው፣ አንዳንዴም አራቁተው አንሥተው ካርዱን ለወታደር ሸጠዋል። እነዚህ ምስሎች ዛሬም በጨረታ ይሸጣሉ፤ የሴቶቹ ስም ግን ጀርባቸው ላይ እምብዛም አይገኝም። የከተማዋን ውበት ለማሳየት አልበም የሚያሰናዳ አዘጋጅ እንዲህ ያለውን ካርድ ከሕንፃው ሥዕል ጎን እንደ ጌጥ ሲያስቀምጠው በደሉን ይደግመዋል።

አስመራ በካርታ ላይ እንዴት እንደተከፈለች ማወቅ ፎቶዎቹን ለማንበብ ቁልፍ ነው። የቅኝ ግዛቱ የግንባታ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረው ኦዶአርዶ ካቫኛሪ በ1913 እና በ1916 ባወጣቸው ፕላኖች ከተማዋን በዘር ቀጠና ከፈላት። ለአውሮፓውያን አንድ፣ በገበያው ዙሪያ ለተቀላቀሉት ነጋዴዎች (የመናውያን፣ ሕንዶች፣ ግሪኮች፣ አይሁድ) አንድ፣ ለአገሬው ሰው ደግሞ ሌላ። የአውሮፓውያኑ ሰፈር እምብርት ካምፖ ቺንታቶ ማለትም የታጠረው ሜዳ ይባል ነበር፤ ኤርትራውያን እንዳሻቸው አይገቡበትም። ሰሜን በኩል ያለው አባ ሻውል የአገሬው ሰፈር ሆኖ ቀረ። መንገዱ አልተጠረገለትም፣ የፍሳሽ ቦይም አልተዘረጋለትም። ካቫኛሪ ራሱ የነደፈው የአስመራ ቲያትር፣ በ1920 ገደማ የተጠናቀቀው ያ ባለ ቅስት ሕንፃ፣ ከየአቅጣጫው ተደጋግሞ ፎቶ ተነሥቷል። አባ ሻውል ግን በዚያ ዘመን ምስሎች ውስጥ ቢገኝ እንኳ በአብዛኛው ከሩቅ፣ ከአድማሱ አጠገብ እንደ ግራጫ ነጠብጣብ ነው።

ከዚያ 1935 መጣ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ አስመራ የጦሩ ስንቅና ትጥቅ ማከማቻ፣ የመኪናው ጋራዥ፣ የመኮንኑ ማደሪያ ሆነች። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በመላ ኤርትራ 5,000 የማይሞሉ ጣሊያናውያን ነበሩ፤ በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ወደ 75,000 ደረሱ፤ አብዛኞቹም አስመራ ሰፈሩ። የከተማዋ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ አውሮፓዊ ሆነ። ከምጽዋ እስከ አስመራ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ የተዘረጋው የገመድ መንገድ በዘመኑ ከዓለም ረጃጅሞቹ አንዱ ነበር፤ የተሠራውም ለጦሩ ጭነት ነው። ጥቅምት 3 ቀን 1935 ጦሩ መረብን ተሻገረ፤ አድዋና አዲግራት በዚያው ቀን በቦምብ ተደበደቡ። ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮም መርዝ ጋዝ በትግራይና በአካባቢው ባሉ ወታደሮችና ገበሬዎች ላይ ዘነበ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቃቸው የአስመራ ሲኒማ ቤቶችና ካፌዎች የተገነቡት በዚሁ ዘመቻ ገንዘብና ግርግር ነው። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መደበቅ አይቻልም፤ መደበቅም አይገባም።

ምስሉን የመሥራት ኃላፊነት ያኔ ከነጋዴ ፎቶ አንሺዎች ወደ መንግሥት ዞረ። በ1924 የተቋቋመው የሉቼ ኢንስቲትዩት የፋሽስት መንግሥት የፊልምና የፎቶ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ለወረራው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል አደራጅቶ ሠራተኞቹን ወደ አስመራ ላከ። እነርሱ ያነሡት ምስል ለጋዜጣ፣ ለዜና ፊልም፣ ለትምህርት ቤት መጽሐፍ ተበተነ። የመኪና ሰልፍ፣ አዲስ የተመረቀ ሕንፃ፣ እጁን የዘረጋ ሕዝብ ይታይባቸዋል። ጥራታቸው ከፍተኛ ነው፤ ብርሃኑ፣ ጥላው፣ መስመሩ ሁሉ የተመዘነ ነው። የአስመራ ሕንፃዎች ሹል ጥላና ለስላሳ ግድግዳ ለዚህ ዓይነቱ ፎቶ የተፈጠሩ ይመስላሉ።

ከሕንፃዎቹ ሁሉ ካሜራ የወደደው ፊያት ታሊዬሮ የተባለውን የቤንዚን ማደያ ነው። ጁዜፔ ፔታዚ የተባለ መሐንዲስ በ1938 የሠራው ይህ ማደያ አውሮፕላን ይመስላል። መሐሉ ላይ እንደ አብራሪ ክፍል የቆመ ማማ አለ፤ ከግራና ከቀኝ ደግሞ ሁለት የአርማታ ክንፎች ምንም ዓምድ ሳይደግፋቸው እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ተዘርግተዋል። ለማዘጋጃ ቤት የገባው ፕላን ግን በክንፎቹ ሥር ምሰሶዎችን ያሳያል። በከተማው የሚተረከው ታሪክ እንዲህ ነው፦ በምርቃቱ ቀን ፔታዚ ጊዜያዊ የእንጨት ድጋፎቹ እንዲነሡ አዘዘ፤ ሠራተኞቹ ይወድቅብናል ብለው ሲፈሩ ሽጉጥ አውጥቶ አስገደዳቸው። ሽጉጡ እውነት ይሁን አፈ ታሪክ፣ ክንፎቹ እስከ ዛሬ አልወደቁም። ታሪኩን የሚተርክ ሰው ሁሉ የፔታዚን ስም ያነሣል። በክንፉ ሥር ቆመው እንጨቱን የመቱት ሰዎች ስም ግን በታሪኩም በፎቶውም ውስጥ የለም።

ሲኒማ ኢምፔሮ ሌላው ነው። ማሪዮ ሜሲና በነደፈው ፕላን በ1937 የተከፈተው ይህ ሲኒማ ፊቱ በክብ መብራቶች ረድፍ የተሞላ፣ ስሙም በትላልቅ ፊደላት ከላይ ወደ ታች የተጻፈበት ነው። ስሙ የወጣለት ሙሶሊኒ በግንቦት 1936 ላወጀው «ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት» ነው፤ ማለትም ለኢትዮጵያ መያዝ መታሰቢያ ነበር። በ1938 ሲኒማ ካፒቶል፣ ከዚያ በፊትም ኦዴዮን ተከፍተው ነበር፤ የከተማው ጣሊያናዊ ወጣት ቅዳሜ ማታ የሚመርጠው አላጣም። ኤርትራውያን ወደ እነዚህ አዳራሾች ከአውሮፓዊው ጋር በእኩልነት አይገቡም ነበር። በሚያዝያ 1937 የወጣው ሕግ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስር ይፈርድበት ነበር፤ ቀጥለው የወጡት ሕጎችም አውቶቡሱን፣ ሲኒማውን፣ ካፌውን በዘር ለዩ። የኢምፔሮ ፎቶ ላይ ሕጉ አይታይም። የሚታየው ውጤቱ ነው፤ በበሩ ላይ ተሰልፎ ትኬት የሚጠብቀው ሕዝብ አንድ መልክ ብቻ አለው።

የእምነት ቤቶቹ ነገር ደግሞ ሌላ ንባብ ይፈልጋል። በዋናው ጎዳና ላይ ያለው የካቶሊክ ካቴድራል በ1923 ተጠናቀቀ፤ የቀይ ጡብ ደወል ቤቱ በከተማው ሁሉ ላይ ይታያል፤ አሠራሩ ከሰሜን ጣሊያን የጥንት አብያተ ክርስቲያናት የተቀዳ ነው። በ1938 ጉይዶ ፌራዛ የነደፈው የኹለፋእ አል ራሺዲን መስጊድ ሚናሬቱ ሽንትር እንዳለው የሮማ ዓምድ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ኤርኔስቶ ጋሎ በዚያው ዘመን የነደፈው የእንዳ ማርያም ኦርቶዶክስ ካቴድራል ግን ከአክሱም ዘመን የወረደውን የድንጋይና የእንጨት ድርድር በግድግዳው ላይ ያስታውሳል። በተለያየ ዘመን የተነሡት የእንዳ ማርያም ፎቶዎች ከሌሎቹ የሚለዩት በሰው ነው። ነጠላ ያጣፉ ምእመናን፣ ጥምጥም ያደረጉ ካህናት፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ግቢውን ሞልተው ይታያሉ። እዚያ ሰው ከፍሬሙ እንዲወጣ ማድረግ አልተቻለም።

የከተማዋን ግንበኞች ለማየት የሚሻ ሰው ያለቁትን ሕንፃዎች ትቶ በግንባታ ላይ ያሉትን ፎቶዎች መፈለግ ይኖርበታል። ባቡሩ ሲዘረጋ፣ ድልድዩ ሲታሰር፣ የመንገዱ ድንጋይ ሲፈለጥ የተነሡ ምስሎች አሉ፤ መሐንዲሱ ከፊት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ ከኋላው ድንጋይ የሚፈልጥ፣ አሸዋ የሚዝቅ፣ ጣውላ የተሸከመ ሰው አለ። ፎቶ አንሺው የመሐንዲሱን ልብስ ቁልፍ ሳይቀር አጥርቶ ከኋላ ያሉትን ደብዛዛ አድርጎ ተዋቸው። ያም ሆኖ ዛሬ ፎቶውን በኮምፒውተር አስፍቶ ለሚያይ ሰው ፊታቸው ይወጣል። የመስታወት ነጋቲቭ ከፖስት ካርዱ ሕትመት እጅግ የበለጠ ዝርዝር ይይዛል፤ ያኔ ማንም ትኩረት ያልሰጠው የፍሬሙ ጠርዝ አሁን ዋናው ማስረጃ እየሆነ ነው።

የድሮ ፎቶ ብዙ ጊዜ ቀን አልተጻፈበትም። አስመራን በሚያውቅ ዓይን ግን ዘመኑን ማጥበብ ይቻላል። የካቴድራሉ ደወል ቤት ከታየ ፎቶው ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ኢምፔሮ ካለ ከ1937 ወዲህ ነው። በዋናው ጎዳና ዳር የቆሙት ዘንባባዎች ቁመትም ይናገራል። ከሁሉ የሚያግዘው በካርዱ ግርጌ የተጻፈው የጎዳና ስም ነው። በፋሽስት ዘመን ቪያሌ ሙሶሊኒ የነበረው አውራ ጎዳና በእንግሊዞች ጊዜ ኮርሶ ኢታሊያ ተባለ። በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር ፌዴሬሽን ከተመሠረተ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጎዳና ሆነ፤ በደርግ ዘመን ብሔራዊ ጎዳና፤ ዛሬ ደግሞ ሓርነት። ዘንባባው፣ ካቴድራሉና ሲኒማው አንድ ናቸው፤ በግርጌ ያለው ስም ግን ስለ አምስት መንግሥታት ይመሰክራል።

በመጋቢት 1941 መጨረሻ ከረን ላይ ጣሊያኖች ተሸነፉ፤ ሚያዝያ 1 ቀን እንግሊዞች አስመራ ገቡ። ከተማዋ ያለ ውጊያ ስለተሰጠች ሕንፃዎቹ አልፈረሱም። የፈረሰው ሌላ ነው። እንግሊዞች የገመድ መንገዱን ነቅለው አነሡ፤ የምጽዋንና የሌሎች ሥፍራዎችን ግንባታና መሣሪያ እየፈቱ ሸጡ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው ሲልቪያ ፓንክኸርስት በ1952 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህን ማፍረስ ለሕዝብ አጋልጣ ነቀፈች። ስለዚህ የገመዱን ቅርጫቶች ከሸለቆው በላይ ሲንሳፈፉ የሚያሳዩት የ1930ዎቹ መጨረሻ ፎቶዎች የአንድ የጠፋ ሥራ ምስክሮች ናቸው።

ከመስከረም 1952 ጀምሮ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትተሳሰር የአስመራ ምስል ባለቤቱን ለወጠ። ካሜራ በኤርትራውያንና በኢትዮጵያውያን እጅም ገባ። ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለውትድርና ወደዚያ የሄደው ከዘንባባዎቹ ሥር ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ጎንደር ላከ። በቃኘው ጣቢያ ከ1943 እስከ 1977 የነበሩት አሜሪካውያን ወታደሮች ደግሞ ከተማዋን በባለ ቀለም ፊልም አነሧት። ይህ ለቅርስ ባለሙያዎች ትልቅ ጥቅም አለው፤ የ1930ዎቹ ፎቶ ግድግዳው ክሬም ይሁን ቢጫ፣ ጡብ ቀለም ይሁን ሮዝ አይናገርም። ባለሙያው የቀለሙን ንብርብር በጥንቃቄ ፍቆ ከማየት በቀር ያለው ረዳት እንዲህ ያለ ባለ ቀለም ፎቶ ነው።

ምስሎቹ ዛሬ ተበታትነው ይገኛሉ። የሉቼ ክምችት ሮም ነው፤ ብዙው በኢንተርኔት ለሕዝብ ተከፍቷል። ከቀድሞው የቅኝ ግዛት ሚኒስቴርና ሙዚየም የተወረሰውን ግዙፍ የፎቶ ስብስብ ይዞ የነበረው የጣሊያን የአፍሪካና የምሥራቅ ተቋም በ2012 ገደማ ከተዘጋ በኋላ መጻሕፍቱና ምስሎቹ ወደ ሮም ብሔራዊ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ተዛወሩ። በ1970ዎቹ አስመራን ለቀው የወጡት ጣሊያናውያን ቤተሰቦች አልበሞቻቸውን ይዘው ሄዱ፤ ፍሎረንስ ላይ ማይ ታክሊ የተባለ መጽሔት አቋቁመው የልጅነት ፎቶአቸውን አሳተሙበት። ፍቅራቸው እውነተኛ ነው። ግን ትዝታቸው ከታጠረው ሜዳ ውስጥ ሆኖ የታየ ነው፤ ምግብ ያበሰለችላቸውና ልጅ ያሳደገችላቸው ሴት በፎቶው ጥግ ትቆማለች፣ ከስሟም ቢበዛ የመጀመሪያው ይጻፋል።

አስመራ ውስጥ ያለው ግን ከፎቶው ይልቅ ፕላን ነው። ማንኛውም ሰው ቤት ለመሥራት ለማዘጋጃ ቤቱ ያስገባው ንድፍ፣ የባለቤቱ ስምና የመሐንዲሱ ፊርማ ያለበት ወረቀት፣ ጦርነቱንና የመንግሥታቱን መለዋወጥ አልፎ በመዝገብ ቤቱ ተርፏል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የባህል ቅርስ መልሶ ማቋቋሚያ ፕሮጀክት በንዕግዚ ገብረመድኅን መሪነት ይታወቃል፤ ንዕግዚ ከኤድዋርድ ዴኒሰንና ከጓንግ ዩ ሬን ጋር ያሳተሙት የ2003 መጽሐፍ የከተማዋን ሕንፃዎች ለዓለም አስተዋወቀ። ኋላ የአስመራ ቅርስ ፕሮጀክት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወረቀቶችን ስካን አድርጎ ሕንፃዎቹን አንድ በአንድ መዘገበ። ይህ ሥራ በ2016 ከእንግሊዝ አርክቴክቶች ንጉሣዊ ተቋም የምርምር ሜዳሊያ አግኝቷል። ፎቶው ሕንፃው ምን እንደሚመስል ይናገራል፤ ፕላኑ ማን እንዳሠራውና በምን ፈቃድ እንደተሠራ ይናገራል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው እንደ ፊያት ታሊዬሮ ምሰሶዎች ያለ ነገር የሚገለጠው።

የዩኔስኮ መዝገብ ከ1893 እስከ 1941 የታቀደችውን ከተማ ብቻ አልያዘም፤ ያለ ፕላን ያደጉትን አርባዕተ አስመራንና አባ ሻውልንም በቅርሱ ክልል ውስጥ አካቷል። ውሳኔው ትክክል ነው። ነገር ግን ለእነዚህ ሰፈሮች የሚቀርበው የምስል ማስረጃ ከሲኒማዎቹ ጋር ሲወዳደር እጅግ ጥቂት ነው። ክፍተቱን ሊሞላ የሚችለው በሮም ቤተ መዛግብት ውስጥ አይገኝም። በአስመራ፣ በአዲስ አበባ፣ በስቶክሆልም፣ በዋሽንግተን፣ በጅዳ ባሉ የኤርትራውያንና የኢትዮጵያውያን ቤቶች ውስጥ፣ ከሠርግ፣ ከክርስትና፣ ከትምህርት ቤት ምረቃ ፎቶዎች መካከል ነው። ከሙሽሮቹ ኋላ ያለው አጥር፣ ከተማሪው ጎን ያለው በር፣ ልጁ የተቀመጠበት ደረጃ የሰፈሩን አሠራር ያሳያሉ። የእነዚህ ፎቶዎች ጀርባ ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም፤ ስም አለ፣ ቀን አለ፣ «ለእናቴ ማስታወሻ» የሚል አለ። ያንን በእጅ የተጻፈ መስመር ከምስሉ ጋር አብሮ ስካን ማድረግ፣ በሥዕሉ ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ፣ ቅጂውንም ለአስመራና ለአዲስ አበባ ቤተ መዛግብት መስጠት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ጊዜ ግን የማይሰጥ ሥራ ነው።